የአሥራ ሰባት ቁጥር ጥቅሎች

"እትዬ መርፌ" የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሌሎቹ "እኛ ነን" ቢሏችሁ እንዳታምኗቸው። ፋብሪካው በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ከጋውኗ ኮሌታ ላይ የሰካችውን መርፌ ሳላይ ሳቅፋት ጉንጬን ወጋኝና፣ "ምነው እትዬ፣ መርፌ ነሽ እንዴ!" አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እናቷ ያወጣችላት ስም በመዝገብ ላይ ብቻ ቀረ።

ሥራችን ጨርቅ መፈተሽ ነበር። ዘጠኝ ሴቶች፣ ዘጠኝ ጠረጴዛ፤ የጠረጴዛው ፊት መስተዋት ነው፣ ከሥሩ ነጭ መብራት ይበራል። ከሽመና ክፍል ጥቅሉ በጋሪ ይመጣል፤ አንዱን አንስተን ጨርቁን በመብራቱ ላይ እየጎተትን እናሳልፈዋለን። የተበጠሰ ድር፣ የዘለለ ማግ፣ ቋጠሮ፣ የዘይት ጠብታ ስናይ እናቆማለን። ትንሽ ከሆነ በመርፌ እንጠግነዋለን፤ ተጠገነም አልተጠገነም ግን ጉድለቱንና የሸመነውን ማሽን ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ወረቀቱ ወደ ቢሮ ይሄዳል። በወሩ መጨረሻ የማሽኖቹ ደረጃ በበሩ አጠገብ ይለጠፋል፤ ወንዶቹ ሸማኔዎችም እየተጋፉ ያነቡታል።

እኛ በዓይናችን ስንፈትሽ እትዬ መርፌ በጣቷ ነበር የምትፈትሸው። ጨርቁ በመዳፏ ሥር እያለፈ እሷ ዞር ብላ ወሬ ታወራለች። በወሬው መካከል ጣቷ ቀጥ ይላል። ጎንበስ ብለን ብናይ አንድ ክር ጎድሏል። አለቃችን አንድ ቀን፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ጣትሽ ላይ ዓይን በቅሎልሻል ልበል?" ብሏት ነበር። "ዓይን ቢሆንማ እንባው ጨርቁን ያበላሽብኝ ነበር" አለችው። እንዲህ ናት፤ ለሁሉ ነገር መልስ አላት።

ባሏ ከግድግዳው ወዲያ፣ በሽመና ክፍል፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ማሽን ላይ ይሠራል። የተገናኙትም በሥራ ነው። ገና ወጣት ሳለች አንድ የተበላሸ ጥቅል ይዛ፣ "ማነው ይሄንን የሠራው?" ብላ ልትቆጣው ሄደች። ልትቆጣው ሄዳ አገባችው። ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታችን በፋብሪካው የሠራተኞች መኖሪያ ጎን ለጎን ነው፤ እኔ እሱን "ጋሼ" ነው የምለው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ያኔ ለማንም የማይነገር ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጋሼ ግራ ዓይን ታመመ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለው፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቅ አለው። የቀረውም፣ ቀኝ ዓይኑም ጭምር፣ ቀስ በቀስ እየደከመ ሄደ። ጋሼ ለፋብሪካው አልተናገረም። ቢናገር በማግስቱ ከማሽኑ እንደሚያነሱት ያውቃል፤ ያ ሰው ደግሞ ከማሽኑ ሌላ ጨዋታም፣ መዝናኛም፣ ጓደኛም የለውም። "ዓይኔ ቢደክም እጄ ያየዋል" ይላት ነበር ሚስቱን። ከልቡ ነበር የሚያምነው።

እጁ ግን ሁሌ አያይም። ድር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል። ሠራተኛው የተበጠሰውን ጫፍ ፈልጎ፣ በጠባቧ የራሱ ቀዳዳ አሳልፎ፣ ቋጥሮ ማሽኑን ያስነሳል። ጋሼ አንዳንዴ ክሩን በጎረቤቱ ቀዳዳ ያስገባዋል። ያን ጊዜ የክሩ ቦታ ባዶ ይቀርና ጨርቁ ላይ ቀጭን መስመር ይወጣል፤ ክንድ፣ ሲብስም ሁለት ክንድ ይረዝማል። እሱ እስኪነቃበት ድረስ ማለቴ ነው።

ስለዚህ አንድ ሕግ ነበረን፤ ማንም ያልጻፈው፣ ማንም በአፉ ያልተናገረው። የአሥራ ሰባት ቁጥር ጥቅል የሚነሳው በእትዬ መርፌ እጅ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የገባች ልጅ ሳታውቅ ልታነሳው እጇን ብትዘረጋ ስምንታችንም ባንድ ላይ ሳልን። ልጅቷ ደንግጣ ጋሪውን ለቀቀች። እትዬ መርፌ ጥቅሉን ወደ ራሷ ጠረጴዛ ትወስዳለች፣ መርፌዋን ከኮሌታዋ ትነቅላለች፣ የጎደለውን ክር አንድ ከላይ አንድ ከታች እያደረገች ትመልሰዋለች። ስትጨርስ እዚያ ቦታ ጉድለት ነበር ብሎ የሚምል የለም። በወረቀቱ ላይ ግን ምንም አትጽፍም።

በዚህ የተነሣ አሥራ ሰባት ቁጥር ከዓመት ዓመት አንደኛ ሆነ። ጋሼ ምስጋና ሲሰጠው፣ እጁን ሲጨበጥ ኖረ። በእረፍት ሰዓት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በማሽኖቹ መካከል ይንጎራደድና ወጣቶቹን ይቆጣል፦ "ሽመና ዓይን ነው! ዓይናችሁን ለስልካችሁ ሰጥታችሁ በምናችሁ ልታዩ ነው?" ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኛ በጋውናችን እጅጌ አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር፤ በክፋት አይደለም፣ እንወደዋለን። እሷ ግን አብራን ስቃ አታውቅም። አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች።

ከዚያ የፍተሻው ማሽን መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና አንድ ወጣት መሐንዲስ አስተዋወቀን። ለስላሳ ልጅ ነው፤ ሲናገር ወደ ጫማው ያያል። "ይህ ካሜራ በደቂቃ ስልሳ ሜትር ጨርቅ ያያል። አይደክመውም፣ አያንቀላፋም፣ ሻይ አይጠጣም" አለ። ከመካከላችን አንዷ፣ "ታዲያ ምን ደስ ብሎት ይኖራል?" አለችና ሳቅን። ያ የመጨረሻው ሳቃችን ነበር። ምክንያቱም መሐንዲሱ ቀጠለ፤ ማሽኑ እንደ ሕፃን ነው፣ ጉድለት ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ሰው ሊያስተምረው ይገባል። ለዚህም አንዲት ፈታሽ ትመረጣለች። እሷ ከሥራው ጋር ትቀጥላለች። የሌሎቻችንን ጉዳይ "አስተዳደር ያየዋል" አለ። አስተዳደር ያየዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

እትዬ መርፌን መረጧት። እሷም እሺ አለች፤ አላቅማማችም።

እውነቱን ልናገር፣ ጠላኋት። አሥራ አራት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተን፣ ልጆቼን እያጠበችልኝ፣ ስታመም እያስታመመችኝ፣ በአንዲት ጀንበር ጥላን ለካሜራው ወደተሠራው የመስተዋት ክፍል ገባች። በሻይ ሰዓት እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ቢላዋውን የሚስልለት በሬ ግን ዛሬ ገና አየሁ" አልኩ። ሰምታኛለች። ሻይዋን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በሯ ላይ ሳልፍ ሰላም አላልኳትም። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሲስሉ ይሰማኛል፣ ሰላም ግን አልላቸውም።

በመስተዋት ክፍሉ ውስጥ የምትሠራው ይህ ነበር። ከፊቷ ስክሪን አለ። የጨርቅ ፎቶ ይመጣል፤ ንጹህ ከሆነ አረንጓዴውን ቁልፍ ትጫናለች፣ ጉድለት ካለበት ቀዩን። ሌላ ፎቶ ይመጣል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ አምስት ወር፤ የአሥራ ሰባት ቁጥርን ጥቅል እስከዚያ ለጋሼ ብለን እኛ እየጠገንን እናሳልፍ ነበር። ጣቷ የለመደው ጨርቅ መዳሰስ ነው፤ እዚያ የሚዳሰስ ነገር የለም፣ ዓይኗ እስኪቀላ ታያለች። መሐንዲሱ ይወዳት ነበር፤ ለወንበሯ ትራስ አምጥቶላታል። "እናቴ፣ እርስዎ ያዩትን ሁሉ እሱም ያያል" ይላታል።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አለቃችን ወረቀት አድርሺ ብሎ ወደ ክፍሏ ላከኝ። እንደተኮራረፍን ነን፤ ከኋላዋ ቆምኩ፣ አላየችኝም። ስክሪኑ ላይ አንድ ፎቶ መጣ። መካከሉ ላይ ቀጭን ባዶ መስመር አለ፤ ልጅ እንኳ የሚያየው ነው። ጣቷ ወደ አረንጓዴው ሄዶ ተጫነ።

"እትዬ! ይሄ እኮ ጉድለት ነው!" አልኩ ሳላስበው።

ዘወር አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። "ዝም በይ" አለችኝ። "የሱ ነው።"

"በምን አወቅሽ? ቁጥር የለበትም።"

"ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ሳሉን ከሌላ ሰው ሳል አልለይም? ሲስት እንኳ የሚስትበት የራሱ መንገድ አለው።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ እምቢ ብል ሌላዋን ያስቀምጣሉ። ሌላዋ ምን ታድርግ፣ ቀዩን ትጫናለች። ጡረታው ሦስት ዓመት ነው የቀረው። ሦስት ዓመት ብቻ ይለፈው። ለኔ ብዬ መሰለሽ?" አለች።

ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁና መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የዚያን ቀን ማታ አንኳኩቼ ገባሁ፤ ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ እሷም አልጠበቀችም፣ ስኳር አበድሪኝ ብዬ ገባሁ። ነገሩንም ለሰባቱ ነገርኳቸው። ማንም ትንፍሽ አላለም።

እንግዲህ ስህተቷ ይህ ነው፤ የተማረ ሰው ይስቅባት ይሆናል፣ እኔም ብሆን ግን ያንኑ አደርግ ነበር። ማሽኑን እንደዚያች እንደ አዲሷ ልጅ ነው ያየችው። አንዴ ስትስልበት "ይሄስ የባሏ ነው፣ ይታለፍ" ብሎ የሚገባው መሰላት። የጋሼን መስመር አረንጓዴ፣ የሌሎቹን መስመር ቀይ እያለች ስታስተምረው ቆየች። ማሽኑ ባልና ሚስት አያውቅም። ከቀጭኑ መስመር አብዛኛው ከጋሼ ስለሚመጣ፣ አብዛኛው ደግሞ አረንጓዴ ስለተባለ፣ እሱ የተማረው ሌላ ነገር ነው፤ ቀጭን ባዶ መስመር ንጹህ ነው፣ የማንም ይሁን። በሙከራው ወር የሁሉንም ማሽን መስመር እያየ አሳለፈ። ለሆስፒታሎች አንሶላ የሚሆን ጨርቅ ነበር። ገዢው አርባ ጥቅል መለሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ማክሰኞ ጠዋት ዘጠኛችንንም ወደ ስብሰባ ክፍል ጠሩን። ስንገባ ጋሼ አስቀድሞ ቆሟል፤ ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ ጋውኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ለምን እንደተጠራ አያውቅም። ምስጋና መስሎት ይሆናል።

ማሽኑ ለካ ሁሉን ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ፎቶ፣ ሰዓቱ፣ የተጫነችው ቁልፍ፣ ከኋላ ደግሞ እኛ የማናየው የማሽን ቁጥር። መሐንዲሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል አነበበ። "ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ጉድለት እያለባቸው ንጹህ ተብለዋል። ሁሉም ከአሥራ ሰባት ቁጥር ናቸው።" ደስ ብሎት አልነበረም፤ ያንን እመሰክርለታለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ወደኛ ዞረ። "ከእናንተ ይሄን የሚያውቅ ነበር?"

የስንብት ደብዳቤያችን ገና አልተፈረመም። ካሳችን በእሱ እጅ ነው። የመጀመሪያዋ አላውቅም አለች። ሁለተኛዋ አላውቅም አለች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እትዬ መርፌ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ እንዳታሳፍረኝ ይመስለኛል። "አላውቅም" አልኩ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው። ስምንታችንም ካድናት፣ ብቻዋን ቀረች።

ይሄኔ ጋሼ ወደ ፊት ወጣ። ነገሩ የገባው በግማሽ ነው፤ ሚስቱን በስህተት የከሰሷት ነው የመሰለው። "ፎቶውን አሳዩኝ" አለ። መሐንዲሱ አንዱን በትልቁ ስክሪን ላይ አወጣ። እኔ የቆምኩት በሩ ጋ ነው፤ ከዚያ ሆኜ መስመሩ ወለል ብሎ ይታየኛል። ጋሼ ተጠጋ። በጣም ተጠጋ፤ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገ፣ ወደ ግራ ዘንበል አደረገ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይሄ ንጹህ ጨርቅ ነው" አለ። "ባለቤቴ ልክ ናት። ዕድሜዬን የሠራሁት ሥራ ነው፤ ጉድለት ቢኖርበት እኔ አየው ነበር።"

 መሐንዲሱ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ሌላ ፎቶ አወጣ።

"ይሄም ንጹህ ነው" አለ ጋሼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሦስተኛው ወጣ። ደግሞ ሊጠጋ አንድ እግሩን ሲያነሳ እትዬ መርፌ፣ "በቃህ" አለችው። "በቃህ የኔ ጌታ፣ ተው።"

ዞረ። መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኛን አየ። የስምንት ሴት አንገት ተደፍቷል። ያን ያህል ለማየት ዓይኑ ይበቃው ነበር።  የስክሪኑን ጠርዝ በእጁ ያዘ፤ መሐንዲሱ ሮጦ ወንበር አመጣለትና ተቀመጠ። 

እሷን በዚያው ቀን አሰናበቷት፤ ደብዳቤዋ ላይ "ሆን ብላ" የሚል ቃል አለበት። እሱን ሐኪም እንዲያየው አዘዙ፤ ሐኪሙ ማሽን ላይ መቆም አይችልም ብሎ ጻፈ። የፍተሻውን ማሽን ለማስተካከል የፈጀባቸው ሦስት ቀን ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን አረንጓዴ ወደ ቀይ ቀየሯቸው፣ አለቀ። አሁን በደንብ ያያል አሉ። ከሰማሁት አንድም ጥቅል ተመልሶ አያውቅም። እኛም ስምንታችን በወሩ መጨረሻ ካሳችንን ይዘን ወጣን፤ ዝምታችንን የሸጥነው በዚያ ካሳ ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ከማክሰኞ ጀምሮ አልተናገረም አለችኝ። እሷ መስኮቱ ሥር ነበረች፤ በእጇ ምንም ነገር ሳትይዝ ተቀምጣ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው። "እትዬ፣ የዚያን ቀን..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተይው" አለች። "ልጆች አሉሽ። ምን ታደርጊ ነበር?"

ይህን ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሻይ ልታፈላ ስትነሳ ጋሼ ተናገረ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ቆመች። "ዓይንህ ከታመመ ጀምሮ።"

"አሥራ አንድ ዓመት።"

"አዎ።"

ወደኔ ዞረ። "እናንተም ታውቁ ነበር?"

እዚህስ አልዋሸሁም። "እናውቅ ነበር ጋሼ።"

"በዚያ ሁሉ ልጅ ላይ ስጮኽ..." አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆይቶ ከእጁ ውስጥ ሆኖ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ብነግርህ ትተወው ነበር።"

"እተወው ነበር!"

"እሱን ፈርቼ ነው። ያለ ማሽኑ ምን ልትሆን?"

"አሁንስ ምን ሆንኩ?" አላት። ሳይቆጣ ነው የጠየቃት። እሷም ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሻዩን ማንም አላስታወሰውም።

ብዙ ከቆየ በኋላ እጁን ከፊቱ አወረደ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ የኔ የሚባል አለ? አንቺ ያልነካሽው?"

"አለ እንጂ!" አለች ፈጠን ብላ። "ጠዋት ጠዋት የሠራኸው። በትልቁ መስኮት ብርሃን ሲገባልህ። የጠዋቱን አንድ ቀን መርፌ አላስነካሁትም፤ በፈጣሪ እምላለሁ። አንዳንዴ እንዲሁ ደስ እንዲለኝ ሁለት ጊዜ እዳስሰው ነበር።"

እውነቷን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ጋሼ ራሱን ቀስ እያለ ነቀነቀ። የተቀመጠበትን አንሶላ በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰው። "ጠዋት" አለ።

"ጠዋት" አለች።

"ከሰዓት የሠራሁትስ?"

የእትዬ መርፌ እጅ መርፌዋን ወደምትሰካበት ኮሌታዋ ሄደ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃትም።